ፌስታሉ ላይ ይጻፍልን

ለዩናይትድ ስቴትስ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ዋይት ኦክ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ለዋሽንግተን ዲሲ የጤና መምሪያ
ለሞንትጎመሪ ካውንቲ የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎት መምሪያ
ለአሌክሳንድሪያ ከተማ የጤና መምሪያ

ግልባጭ፦ በዩ ስትሪት፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ እንጀራ ለምትጋግሩና ለምትሸጡ ወገኖቼ

ጉዳዩ፦ ለሲሊያክ ሕሙማን ሲባል እንጀራው የተጋገረበት እህል ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት ኃላፊዎች፣

በሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ደብዳቤዬን በአማርኛ የምጽፈው ጉዳዩ የሚነካው ሕዝብ ከእናንተ እኩል እንዲያነበው ብዬ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ ሊያገለግሉባቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አማርኛን አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ በቋንቋዬ ብጽፍላችሁ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝም ብዬ አምናለሁ።

ታላቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሆዷ እየተነፋ፣ ፊቷ እየገረጣ፣ ቁመቷ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ እየቀረ አስጨነቀችን። መጀመሪያ ወተት ነው አልን። ቀጥለን የሆድ ትል ነው አልን። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ጠበል ውሰጂያት» አለችኝ፤ ወሰድኳት። በመጨረሻ ሐኪሟ ደሟን አስመረመረች፤ ቀጭን ካሜራ ገብቶ ከትንሹ አንጀቷ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲሊያክ ሆነ።

እናንተ ኃላፊዎቹ በሽታውን ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቁት ወገኖቼ ግን ባጭሩ ልንገራቸው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ስንዴ፣ ገብስ ወይም ራይ የሚባለውን የፈረንጅ እህል ሲበላ ግሉተን የተባለው ፕሮቲን የገዛ ሰውነቱን በአንጀቱ ላይ ያስነሳበታል። ምግብ ወደ ደም የሚሳብባቸው ጥቃቅን የአንጀት ጸጉሮች ይረግፋሉ። ልጅ በልቶ ይከሳል፤ ብረቱም ካልሲየሙም አልፎ ይሄዳል። ከመቶ ሰው አንዱን ያህል የሚይዝ በሽታ ነው። እስካሁን የሚያድነው ኪኒንም መርፌም የለም። ያለው ሕክምና ግሉተንን ዕድሜ ልክ አለመቅመስ ብቻ ነው። ቪለም ዲኬ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ጥፋቱ የስንዴ መሆኑን እርግጠኛ የሆነበት መንገድ አሁንም ያስደንቀኛል፦ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 የጦርነት ክረምት ሆላንድ ውስጥ ዳቦ ሲጠፋ ሲሊያክ የያዛቸው ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ።

የምግብ ባለሙያዋ ምን እንደምንበላ ስትጠይቀኝ «እንጀራ» አልኳት። ፊቷ በራ። «ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ዕድለኞች ናችሁ። ሌላው ቤተሰብ የሚበላውን እንደገና ሲማር እናንተ የራሳችሁን ምግብ ትቀጥላላችሁ» አለችኝ። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ያለቀስኩት በእፎይታ ነበር። ልጄ ፒዛውን ትተወዋለች፤ ፓስታውን ትተወዋለች፤ የልደት ኬኩንም ትተወዋለች። እንጀራዋ ግን ይቀርላታል።

ከስድስት ወር በኋላ ደሟ ሲታይ መውረድ የነበረበት ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ሐኪሟ «ከየት እንደሆነ ባላውቅም ግሉተን እየበላች ነው» አለችን። ቤቴን ፈተሽኩ። ዳቦ መጥበሻውን ቀየርኩ። የቻይናው ሶይ ሶስ ስንዴ እንዳለበት ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ጣልኩት። የትምህርት ቤቱን ምሳ አቋረጥኩ። ባለቤቴ ታናሽ ወንድሟ ብስኩት ሳያካፍላት አይቀርም ብሎ ሕፃኑን ተቆጣ። እንጀራውን ግን ማናችንም አልጠረጠርነውም። የገዛ እንጀራውን የሚጠረጥር ማን አለ?

አንድ ቅዳሜ ዲሲ ውስጥ 9ኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት ከሚገናኙበት ብዙም ሳልርቅ ሁልጊዜ ከምገዛበት ሱቅ ገባሁ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ መጥራትም አልፈልግም፤ የዚያን ሱቅ ያህል ጥፋት በሌላው ሱቅ ሁሉ አለና። እንጀራው እንደወትሮው በሚያሳይ ፌስታል ታስሯል። በላዩ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ስልክ ቁጥርና «የጤፍ እንጀራ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይዛለች። ከዚያ ውጭ ምንም የለም። ባለሱቋን «እትዬ፣ ይሄ ንጹሕ ጤፍ ነው?» አልኳቸው።

«የጤፍ ነው ልጄ። ትንሽ ገብስና ትንሽ ስንዴ ጣል ተደርጎበታል እንጂ። ያለዚያማ በነጋታው ይፈረካከሳል፤ ማን ይገዛዋል?»

እኚህ ሴት አልዋሹኝም። እንዲያውም ስጠይቃቸው በቅንነት እውነቱን ነገሩኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሳልጠይቃቸው የኖርኩት እኔ ነኝ። ግን ለምን እጠይቃለሁ? በዚህ አገር አንድ ጣሳ ባቄላ ስገዛ ውስጡ ያለው ሁሉ ከጨው እስከ ማቅለሚያው ጣሳው ላይ ተጽፎልኛል። ልጄ በየቀኑ ሦስት ጊዜ የምትበላው ምግብ ብቻ ዲዳ ነው።

ቅየጣው የተጀመረው በክፋት እንዳልሆነ መናገር አለብኝ። ቀድመውን የመጡት ወገኖቻችን፣ የመጀመሪያዎቹን ምግብ ቤቶች በዲሲው አዳምስ ሞርጋን ሰፈር የከፈቱት፣ ኋላም ወደ ዩ ስትሪት የወረዱት፣ ጤፍ ባልነበረበት ዘመን ሰልፍ ራይዚንግ በሚባለው የስንዴ ዱቄት እንጀራ አውጥተው ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረው ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዝራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የአገራችን መንግሥት የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ፤ የአገር ቤቱን ዋጋ ለማረጋጋት ነበርና ማንም በቅን ልብ የሚረዳው ነው። እዚህ ላለው ጋጋሪ ግን ጤፍ ውድ ሆኖ ቆየ። ገብስ ጨምሮ እንጀራውን ማለስለስ፣ ስንዴ ጨምሮ ዋጋውን ማውረድ የኑሮ ብልሃት ነበር። ለጤነኛ ሰው ዛሬም ምንም ክፋት የለውም። የእኔ አቤቱታ በመቀየጡ ላይ ሳይሆን ባለመጻፉ ላይ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ድርሻ ልምጣ።

የምግብ አለርጂ መለያ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2006 መባቻ። ሕጉ ያኔ ስምንት ዋና ዋና አለርጂዎችን ዘረዘረ። ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ ተጨመረ። ስንዴ ከመጀመሪያው አለበት፤ ገብስ ግን እስከ ዛሬ የለበትም። አንድ ምግብ ስንዴ ካለበት በስሙ በግልጽ መጻፍ በዚህ ሕግ ግዴታ ሲሆን ለገብስ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ለስንዴ አለርጂ ብቻ ካሰብን ይህ ያስኬዳል። ለሲሊያክ ሕመምተኛ ግን ስንዴና ገብስ አንድ ናቸው። እኛ ደግሞ ገብስ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ በሶአችን ገብስ ነው፣ ቆሎአችን ገብስ ነው፣ እንጀራችንንም የምናለሰልሰው በገብስ ነው። ሕጉ ሲጻፍ የዳቦ አገር ሰው አእምሮ ውስጥ የነበረው ስንዴ ብቻ ሳይሆን አልቀረም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ስንዴ፣ ራይና ገብስ ግሉተን ያለባቸው እህሎች ተብለው በአንድነት እንዲገለጹ ያዝዛል፤ ሳይታሸግ በሚሸጥና በምግብ ቤት በሚቀርብ ምግብ ላይም ቢሆን።

አዎን፣ ገብስ በአለርጂ ዝርዝሩ ባይኖርም ታሽጎ የሚሸጥ ምግብ የተሠራባቸውን ነገሮች ሁሉ፣ በክብደት ከሚበዛው እስከሚያንሰው በቅደም ተከተል፣ መጻፍ እንዳለበት ሌላው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደንብ ይላል። ይህን አውቃለሁ። ለአነስተኛ ነጋዴ የተፈቀደው ይቅርታ የካሎሪና የንጥረ ነገር ሠንጠረዡን ብቻ የሚመለከት መሆኑንም፣ የእህሉን ዝርዝርና አለርጂውን ከመጻፍ ማንንም ነፃ እንደማያወጣ አንብቤአለሁ። ስለዚህ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አስቀድሞ ታሽጎ የተቀመጠው እንጀራ ዛሬም በሕግ ዝርዝሩን መያዝ ነበረበት። በተግባር ግን እኔ በዩ ስትሪት፣ በጆርጂያ አቬኑና በአሌክሳንድሪያ ከገዛኋቸው ፌስታሎች አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ሱቁን የሚፈትሸው ባለሙያ የማቀዝቀዣውን ሙቀት ይለካል፤ የአይጥ ምልክት ይፈልጋል፤ የእጅ መታጠቢያውን ያያል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። እንጀራው ግን አጠገቡ ተደርድሮ አይታይም። ይህን ለማሳወቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ደውዬ ነበር። ወደ ሌላ መሩኝ። ሌላው የታሸገ ምግብ የፌዴራል ጉዳይ ነው አለኝ። ሦስተኛው የችርቻሮ ሱቅ የአካባቢው ጉዳይ ነው ብሎ ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። የማንኛቸውንም ስም አላነሳም፤ የመለሱልኝ ሰዎች ሁሉ ትሑታን ነበሩ። እኔ ግን ስልኩን የዘጋሁት ለልጄ ምን እንደማበላት ሳላውቅ ነው።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኃላፊዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣችሁት «ከግሉተን ነፃ» የሚለው ደንብ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ምግብ በዚህ ስም ለመጠራት በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን ደንቡ የሚይዘው በፈቃዱ «ነፃ ነኝ» ያለውን ብቻ ነው። ዝም ያለውን አይጠይቀውም። «የጤፍ እንጀራ» ብሎ የጻፈውንም በተግባር ማንም አልጠየቀውም፤ ገዢው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል፤ ዘመኑ ጤፍንና ከግሉተን ነፃ መሆንን እንደ መንታ አስተዋውቋቸዋልና። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን አውሮፓ ውስጥ በፓተንት እስከ መያዝ ያደረሰው ይኸው ጸጋው ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ያንን ፓተንት ሆላንድ ውስጥ ዋጋ አሳጣው። የውጭ ሰው ሊነጥቀን እስኪከጅል ድረስ የከበረውን እኛ ራሳችን ስሙን ፌስታል ላይ ጽፈን ውስጡን ሌላ ስናደርገው ያመኛል።

ይበልጥ የማስጨንቃችሁ ግን በእርሾው ጉዳይ ነው። ከባለሱቋ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ሦስት ጋጋሪዎች ዘንድ ሄጄ «መቶ በመቶ ጤፍ» እንዲጋግሩልኝ አዘዝኩ። ሁለቱ በደስታ ጋገሩልኝ፤ ዋጋው ቢበልጥም ከፈልኩ። የልጄ ሆድ ግን በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ተነፋ። ተመልሼ አንዷን ጋጋሪ ምን እንደምታደርግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድትነግረኝ ለመንኳት። ዱቄቱ በእርግጥም ንጹሕ ጤፍ ነው። ሊጡን የምታቦካበት እርሾ ግን ከትናንቱ ቅይጥ ሊጥ ላይ የተቀዳ ነው። አብሲቱን የምትጥለው ቅይጡን ባማሰለችበት ድስት ነው። ምጣዱም፣ ሰፌዱም፣ ማሰሻውም አንድ ነው። እርሾ ከቤት ወደ ቤት፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተሰጣጣን የኖርን ሕዝብ ነን፤ አንድ ጭልፋ እርሾ የትናንቱን ገብስ ይዞ ወደ ዛሬው ጤፍ ይሻገራል ብሎ ማን ያስባል? ዱቄቱን ለይታ የከፈልኳትን ያህል የደከመች ሴት በእርሾው ሳታውቅ ድካሟን አፈረሰችው።

«ቦክቶ ሞቶ የለም እንዴ፣ ሦስት ቀን ከቦካ በኋላ ምን ግሉተን ይተርፈዋል?» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። አይደለም። ማቡካት ፕሮቲኑን ይቆራርጠዋል እንጂ ጉዳቱን አያጠፋውም። እንዲያውም የተቆራረጠውን ግሉተን የተለመደው መመርመሪያ በትክክል ሊለካው አይችልም፤ የቦካ ምግብ በምርመራ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። እናንተም ይህን ተረድታችሁ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ለቦካ ምግብ የተለየ ደንብ አወጣችሁ፦ «ከግሉተን ነፃ» ነው የሚል አምራች ምግቡ ከመቡካቱ በፊት ንጹሕ እንደነበርና ከሌላ እህል ጋር እንዳይነካካ ምን እንዳደረገ መዝግቦ ይያዝ የሚል። ደንቡ እርጎን፣ ቢራን፣ ሆምጣጤን ያስታውሳል። እንጀራን የሚያውቀው አይመስልም። ለእንጀራ ተብሎ ቢጻፍ ይህን ያህል የሚገጥም ደንብ አልነበረም፤ እንጀራ ጋጋሪ ዘንድ ግን አልደረሰም። በዚህ ከተማ እንጀራ ከሚጋግሩት እናቶች ስለዚህ ደንብ የሰማች አንዲት አላጋጠመችኝም። በእንግሊዝኛ፣ በጠበቃ ቋንቋ፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ የታተመን ነገር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ ምጣድ የምታሞቅ ሴት ከየት ታገኘዋለች?

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኃላፊዎች፣ የእናንተ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ዋይት ኦክ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቢሮዎቻችሁ ተነስቶ እንጀራ እስከሚሸጥባቸው የጆርጂያ አቬኑ ሱቆች ያለው መንገድ ጥቂት ማይል ነው። ከመካከላችሁ ምሳውን እዚያ የሚበላ እንዳለ አልጠራጠርም። አንድ ቀን ምሳ ስትበሉ የእንጀራውን ፌስታል ወረቀት እንድታነቡት እለምናለሁ።

ጉዳቱ በሆድ ሕመም ብቻ አይወሰንም፤ ይህንንም ልነግራችሁ ይገባል። ባለፈው እንቁጣጣሽ ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። ለልጄ ቤት ውስጥ የጋገርኩትን በሳህን ለይቼ አቀረብኩላት። አክስቷ ከመሶቡ ጠቅልላ ጉርሻ ዘረጋችላት። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በእኛ ዘንድ ጉርሻ እምቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የአበሻ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አክስቷ ቅር አላት፤ ልጄ አለቀሰች፤ እኔ መሃል ቆሜ ስለ ግሉተን ማስረዳት ጀመርኩ። ከመሶብ የተለየ ልጅ ምን ይሰማዋል? የቅዱስ ቁርባኑን ጉዳይ ከንስሐ አባታችን ጋር እየተመካከርን ነው፤ እሱ የእናንተ ድርሻ አይደለም። የመሶቡ ግን የእናንተም ድርሻ ነው። በገበያ የሚሸጠው እንጀራ ምን እንደሆነ ቢታወቅ ኖሮ ለዚያ ቀን መሶቡ ሙሉ ንጹሕ ጤፍ አድርጌ ሁላችንም ከአንድ መሶብ እንቆርስ ነበር።

የገንዘቡንም ነገር ባጭሩ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የፌዴራል ሕግ በሐኪም ክትትል ለሚሰጡ የሕክምና ምግቦች ስምና ቦታ ሰጥቷል፤ ሲወለዱ ጀምሮ ሰውነታቸው አንዳንድ የፕሮቲን ክፍሎችን በአግባቡ መጠቀም ለማይችል ሕፃናት የሚዘጋጀው ዱቄት በዚያ ውስጥ ይገባል። ለልጄ መድኃኒቷ ምግቧ ቢሆንም ንጹሕ ጤፍ በዚያ ስም አይጠራም፤ ኢንሹራንሳችንም አይከፍልበትም። ኢጣሊያ ለሲሊያክ ሕመምተኛ በየወሩ ለምግቡ ድጎማ ትሰጣለች። እኔ ድጎማ አልጠየቅሁም። የምከፍልበት ነገር ምን እንደሆነ እንዲጻፍልኝ ብቻ ነው የምጠይቀው።

ወገኖቼ ጋጋሪዎችና ባለሱቆች፣ ይህን ደብዳቤ ስታነቡ «ገመናችንን አወጣች፣ መንግሥት አመጣችብን» እንዳትሉኝ ፈርቼ ብዙ ቀን ሳልጽፈው ቆይቻለሁ። የእናንተ ሥራ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቴ እንጀራ ጋግራ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። ማንም ሱቅ እንዲዘጋ፣ ማንም እንዲቀጣ አልሻም። ቅይጥ እንጀራ ጋግሩ፤ እኔም ለራሴ እገዛዋለሁ። ግን «ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ» የሚሉ ሦስት ቃላት ጻፉበት። ይህን መጻፍ ገበያችሁን አይቀንስም። ይልቁን ንጹሑን ለይታችሁ በራሱ እርሾ፣ በራሱ ምጣድ የምትጋግሩ ከሆነ ፈረንጁም ጭምር ይሰለፍላችኋል፤ በዚህ አገር በሽታው ያለበት ሰው በሚሊዮን ይቆጠራል፤ እኛ ደግሞ ከጥንት የቆየ ከግሉተን ነፃ እንጀራ ያለን ሕዝብ ነን። ምግብ ቤት ያላችሁም፣ ከቀን በፊት ለሚያዝዝ ንጹሕ ጤፍ የምታዘጋጁ እንዳላችሁ አውቃለሁና እናንተን ከልብ አመሰግናለሁ። ንጹሑን ከቅይጡ ጋር በአንድ ትሪ አታቅርቡት፤ ወጡንም ለብቻ አውጡለት።

ናታሻ ኤድናን ላፔሩዝ የተባለች የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሱቅ በተገዛ ሳንድዊች ውስጥ ሰሊጥ መኖሩ ሳይጻፍ ቀርቶ በአለርጂ ሞተች። ወላጆቿ ታገሉ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተሠርቶና ታሽጎ የሚሸጥ ምግብ ሁሉ ዝርዝሩ እንዲጻፍበት ታዘዘ፤ ሕጉም በስሟ ይጠራል። የልጄ ሕመም እንደ ናታሻ በአንድ ቀን አይገድልም። ቀስ እያለ ደም ያሳጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ እድገት ያስቀራል። ቀስ ማለቱ ችላ እንዲባል አድርጎታል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ እንዲህ ነው።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ገብስና ራይ እንደ ስንዴ ሁሉ በግዴታ በስማቸው በግልጽ እንዲጻፉ የሚያስችለውን እርምጃ እንዲወስድ፣ ሥልጣኑ የኮንግረሱ በሆነበት ቦታም ለኮንግረሱ እንዲያሳስብ እጠይቃለሁ። ይህን ከእኔ በፊት ሌሎች የሲሊያክ ቤተሰቦች አቅርበውላችኋል፤ እኔ የምጨምርበት በዚህ ከተማ ገብስ በየቀኑ በየማዕዳችን ላይ መኖሩን ነው። ሕግ እስኪለወጥ ግን ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ ልጄ ደግሞ የምታድገው አሁን ነው። ስለዚህ ሕግ መለወጥ የማይጠይቀውን ዛሬ አድርጉልን። የ2020ውን ደንብ ለእንጀራ ጋጋሪ በሚሆን መልኩ፣ ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ፣ በአማርኛና በትግርኛ አውጡልን። እርሾን በስሙ ይጥራው፤ አብሲትን በስሙ ይጥራው፤ ምጣዱን፣ ማሰሻውን፣ ወንፊቱን ይጥቀስ። የጽሑፉን ረቂቅ ጋጋሪዎቹ ራሳቸው አይተውት ይውጣ፤ የማቡካቱን ነገር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዲሲ፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲና የአሌክሳንድሪያ ጤና መምሪያዎች ደግሞ ፈታሾቻችሁ ሱቅ ሲገቡ የእንጀራውን ፌስታል እንዲያነሱና እንዲያነቡ እዘዙልን። ባዶ ሆኖ ቢያገኙት መጀመሪያ ቅጣት አይጻፍ፤ ናሙና ወረቀት ይሰጥ፤ ለምሳሌ ስድስት ወር ጊዜ ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይሁን። አለርጂና ግሉተንን የሚመለከቱ ማሳሰቢያዎቻችሁን በአማርኛ አትማችሁ በየሱቁ እንዲለጠፉ አድርጉ። በመጨረሻም አንድ ስልክ ቁጥር ስጡን። ሦስታችሁ ከፌዴራሉ ጋር ተነጋግራችሁ፣ የታሸገ እንጀራ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ወስናችሁ፣ እናት ስትደውል ወደ ሌላ የማይመራት አንድ ሰው መድቡልን።

ልጄ አሁን የምትበላው እኔ ቤት ውስጥ የምጋግረውን ብቻ ነው። አዲስ እርሾ ከጤፍ ዱቄትና ከውሃ ብቻ አስነስቼ በሌላ ዕቃ አቦካዋለሁ፤ ከሥራ መልስ፣ ማክሰኞና ዓርብ ማታ። በመጨረሻው ምርመራ ቁጥሩ ወርዷል፤ አራት ሴንቲ ሜትር ጨምራለች። በመጪው መስከረም አሥር ዓመት ይሞላታል፤ ዩ ስትሪት ወስጃት፣ ከሱቅ የተገዛ እንጀራ አጉርሻት ልደቷን ላከብርላት ቃል ገብቼላታለሁ። እስከዚያ ድረስ መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ